ያልጻፈችው መጨረሻ

መምህርት ጣፈጠች ወላይታ፣ ተበላ በምትባል ከተማ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ለተማሪዎቿ እየፈጠረች ከምትነግራቸው ተረቶች አንዱን ጽፋ ሶዶ ከተማ ላለ አሳታሚ ሰጠች። ታሪኩ ዳሞታ ተራራ ውስጥ ገብታ፣ ደመና በቅል ቀድታ፣ በድርቅ ለተመታው መንደሯ ዝናብ ስላመጣች ልጅ ነው።

መጽሐፉ ታትሞ በደረሳት ቀን ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ታነብላቸው ጀመር። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። እሷ ያልጻፈችው ነገር ገብቶበታል፦ «ልጅቷም ከእንቅልፏ ነቃች። ለካስ ሁሉም ሕልም ነበር።»

«ታዲያ አልዘነበም ማለት ነው?» አለች አንዲት ተማሪ።

ጣፈጠች መጽሐፉን ዘጋችው። ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ሶዶ ወጣች። አሳታሚው አቶ ሀብተየስ ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም።

«ልጆች የማይሆን ነገር እንዳያምኑ ብዬ ነው፣ መምህርት» አላት።

«ደመና በቅል እንደማይቀዳ ከእርስዎ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ! ውኃ ሲቀዱ የሚውሉት እነሱ ናቸው። እኔ የጻፍኳት ልጅ ፈራች፣ ደከመች፣ ግን ዝናቡን ይዛ መጣች። እርስዎ ግን ድካሟን ሁሉ ቀሟት!»

«እሺ፣ በሁለተኛው እትም እናስተካክለዋለን።»

«ከእርስዎ ጋር ሁለተኛ እትም የለም» ብላው ወጣች።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉትን ቅጂዎች ሰብስባ የመጨረሻውን ገጽ ከሁሉም ላይ ቀደደችው፤ በምትኩ የራሷን በእጇ ጽፋ ለጠፈች። ተማሪዎቿ የሚያነቡት እሱን ነው። ሶዶ ያለው ቅጂ ግን እንደታተመ እየተሸጠ ነው፤ ማንም ይህን ጉዳይ ሲያነሳባት ዛሬም ጥርሷን ትነክሳለች።