ፈታሿና ልግመኛው ውሻ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በልብስ ፋብሪካ በር ላይ ቆማ የሴት ሠራተኞችን ቦርሳና ወገብ ስትዳብስ የኖረች ሴት፣ ጡረታ ወጣች ተብሎ እጇ አርፎ አይቀመጥም። የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ «ፈታሿ» ነው የሚላት። በዚያ በር ላይ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዳብሳ ስትጨርስ «ምንም የለም፤ እለፊ» ትላለች። ምስጋናም ይቅርታም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አንዷ ክር ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ሌላዋ የሸሚዝ ቁልፍ ካልሲዋ ውስጥ ደብቃ እየያዘቻቸው ነው ያረጀችው፤ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ነበር የያዘችው።

ቤት ስትገባም አልተወችውም። ሴት ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋ ይፈተሽ ነበር። ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በወር አንዴ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ታዲያ ገና ከበሩ ላይ ቦርሳዋን ከፍታ «ይኸው፣ ፈትሺ» ትላታለች። ቀልድ ነው። ቀልድ ነው እየተባለ አሥር ዓመት አለፈው፤ እስካሁን አንዳቸውም አልሳቁበትም።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ ጎረቤቷ የሆነው የእንስሳት ሐኪም ከክሊኒኩ ጀርባ ለሚያቆያቸው ባለቤት አልባ ውሾች በነጻ የሚያግዘው ሰው ሲያጣ እሷን ለመናት። «ስለ ውሻ ምን አውቅልሃለሁ?» እያለች ገባች፤ እጇ ግን አወቀው። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱን ውሻ ከጆሮው ጀምራ እስከ ጭራው ትዳብሳለች። መዥገር ይሁን እብጠት፣ በመዳፍ መሃል የተሰነቀረ እሾህም ቢሆን አያመልጣትም። ሐኪሙ «የእትዬ እጅ እያለ እኔ ማሽን ምን ያደርግልኛል» ይላል። ስትጨርስ ጀርባውን መታ መታ አድርጋ «ምንም የለም፤ እለፍ» ትለዋለች። ውሻ ከሰው የሚሻልበት አንድ ነገር ቢኖር ሲፈተሽ አለመቀየሙ ነው።

ስለዚህ ውሾቹን አትጠረጥርም። የምትጠረጥረው የቀረውን ፍጥረት ነው። በየሳምንቱ አጥንት በነጻ የሚልክላቸውን ሥጋ ሻጭ እንኳ «ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» እያለች ሁለት ዓመት ተከታትላዋለች። ከሁሉ የባሰው ግን «የጠፋብኝ ውሻ እናንተ ጋ ነው» ብሎ የሚመጣ ሰው ነው። ለዚህስ ምክንያት አላት። አንድ ጊዜ አንድ ቅቤ አንጓች ሰውዬ «ልጆቼ እያለቀሱ ነው» ብሎ አንድ ነጭ ውሻ ከእጇ ወሰደ። ከአራት ወር በኋላ ውሻው የታሰረበት ሽቦ አንገቱ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ሐኪሙ ሽቦውን ሲያወጣ ጭንቅላቱን የያዘችው እሷ ነበረች፤ ውሻውም አልተረፈም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ጥያቄዋን ሳይመልስ፣ መልሱም በጥቁሩ ደብተሯ ላይ ሳይሰፍር ውሻ ማየት እንኳ አይፈቀድለትም።

ልግመኛው የመጣው አንድ ዝናባማ ቀን ነው። ቡናማ፣ ትልቅ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ ወንድ ውሻ። ከወንዶቹ ግቢ አስገቡት፤ ሴቶቹ እስኪመከኑ ድረስ ከግንቡ ማዶ ለብቻቸው ነው የሚቀመጡት። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ማንም ቢጠራው አይመጣም። «ና!» ሲሉት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። «ና ቡቺ! ና አንበሴ! ና እንጂ፣ አንተ!» ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሐኪሙ ደንቆሮ ቢሆን ነው ብሎ ከኋላው ሁለት የብረት ሳህን አጋጨ። ውሻው ዞር ብሎ በትዝብት አየውና ተመልሶ ተኛ።

«ይሰማል፤ ለግሞ ነው» አለች ፈታሿ። ስሙም በዚያው ወጣለት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ስልሳ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰውዬ በሩን አንኳኳ። ሰፊ ካፖርት ለብሷል፤ ከኪሱ አዲስ ገመድ ብቅ ብሏል። ገመዱ ገና ሲታይ አልጣማትም። ውሻ የጠፋበት ሰው ያለው አሮጌ ገመድ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ። ውሻ ጠፍታብኝ ነበር።»

«ምን ዓይነት?»

«ቡናማ ናት። ትልቅ። አንድ ጆሮዋ ጫፉ ተቆርጧል።»

ቀለሙ ልክ ነው፤ ጆሮውም ልክ ነው። ብዕሯ ግን ቆመ። «ሴት ናት?»

ሰውዬው ደነገጠ። «ኧረ አይደለችም... ወንድ ነው።»

«ታዲያ ‹ጠፍታብኝ› የሚሉት ማንን ነው?»

«እቤት እንዲያ ስለምንል ነው።»

«ስሙስ?»

«ስም አላወጣንላትም። ማለቴ፣ አላወጣንለትም። እንዲሁ ነው የምንጠራው።»

ፎቶ አለዎት ስትለው የለኝም አለ። ስልክ ስትለው ተበላሽቷል አለ። «‹እኛ› የሚሉት እነማንን ነው?» አለችው።

«እኔና ባለቤቴን።»

«እንግዲያው ባለቤትዎ ይምጡና ይናገሩ።»

ሰውዬው ወደ ጫማው አቀረቀረ። «እሷ አትመጣም» አለ።

ፈታሿ ይህን ማቀርቀር ታውቀዋለች። ክር ወገባቸው ላይ የጠመጠሙት ሴቶች መሬት መሬት የሚያዩት እንዲህ ነበር። ይሄ ሰው ውሻውን በአጥር ቀዳዳ አይቶታል፤ ወንድ ይሁን ሴት ግን አልለየም ብላ ደመደመች።

«አንዴ ብቻ ልጥራት። ካልመጣች እሄዳለሁ» ብሎ ለመናት።

«እዚህ የጠፋች ሴት ውሻ የለችም» አለችና በሩን ዘጋችው። ደብተሯንም አውጥታ ጻፈች፦ አውራ ጣቱ ጥቁር። የማስቲሽ ሽታ። አዲስ ገመድ። የውሻውን ጾታ አያውቅም። ሌባ። «ሌባ» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረች። ቀኑን ሙሉም ደስ ብሏት ዋለች።

በማግስቱ አንድ ባልና ሚስት መጡና ልግመኛውን ወደዱት። አጥር አላቸው፤ የአጥሩም ፎቶ አላቸው፤ ጥያቄውን ሁሉ መለሱ። ኑሯቸውን ወደ ሩቅ ከተማ ሊያዛውሩ ስለሆነ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ውሻውን ይዘው ሊሄዱ ተስማሙ። እነሱንም ጠርጥራ ነበር፤ ብትፈልግ ብትፈልግ ግን ምንም አጣችባቸው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በወንዶቹ ግቢ ሳህን እያጠበች ሳለ ልጇ በሩ ላይ ቆመች። እንደ ልማዷ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ይኸው፣ ፈትሺ።»

«ተይ እባክሽ፣ እጄ እርጥብ ነው። ነይ። ነይ ግቢ።»

ከኋላዋ የሆነ ነገር ሲሮጥ ሰማች። ልግመኛው ነው። ሦስት ሳምንት ከግድግዳው ዞር ያላለ ውሻ ባልዲውን ገልብጦ መጣና ጭንቅላቱን ጉልበቷ መሃል ቀበረ። ጭራው አልበቃ ብሎት ወገቡ ሁሉ ይወዛወዛል። ፈታሿ ግራ ገባት። ወደ ግቢው ጥግ ሄዳ «ና!» አለችው። ቆሞ አያት። «ነይ» አለችው። እየሮጠ መጣ።

«እማ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ተለዋወጠ እኮ» አለች ልጇ።

«ወንድ ውሻ ነው። ወንድ ውሻን ማን ‹ነይ› ይለዋል?»

«አንቺ ነሻ! ወንድሜን እስኪያድግ ድረስ ‹ነይ የኔ ቆንጆ፣ በላሽ ወይ?› ስትይው አልነበር?» አለች ልጅቷ። የከፈተችውን ቦርሳ እየዘጋች ደግሞ ጨመረች። «ለኔ ‹ቦርሳሽን አምጪ› ነበር።»

ፈታሿ ክው አለች። ሰው የሚሳሳለትን ወንድ «አንቺ» እያለ እንደሚያቆላምጥ የሚያስተምራት አያስፈልግም፤ በገዛ አፏ ስታቆላምጥበት የኖረች ናት። ሰኞ ጠዋት ግን ቃሉን የሰማችው በፈታሽ ጆሮ ነበር። ሰውዬው ውሻውን ስለወደደ ሌባ ተባለ። ነገ አራት ሰዓት ውሻው ይሄዳል፤ የሰውዬውን አድራሻ ደግሞ አልተቀበለችም።

ደብተሯን ገለጠች። ልታስይዘው የጻፈችው ሁሉ እዚያው አለ፦ ጥቁር አውራ ጣት፣ ማስቲሽ። «ጫማ ሰፊ ነው!» አለች። ሐኪሙ ለባልና ሚስቱ እንዲደውልላቸው ነግራ ውሻውን አሰረችና ወጣች። ልጇ ሳትጠየቅ ተከተለቻት።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ የተደረደሩትን ጫማ ሰፊዎች ጠየቁ። የመጀመሪያው አላውቅም አለ። ሁለተኛው ውሻውን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ይቺ የዚያ የቀጭኑ ባልደረባዬ ውሻ አይደለችም እንዴ! ሚስቱ አልጋ ላይ ከቀረች ሁለት ዓመቷ ነው፣ እናቴ። ይቺ ከጠፋች ወዲህ ደግሞ እህል አልቀምስም ብላለች አሉ። እሱም ሥራውን ጥሎ ሲፈልግ ነው የሚውለው።»

ቤቱን በጣቱ ጠቆማቸው። መጠቆሙ ግን አላስፈለገም፤ ከዚያ በኋላ የመራቸው ውሻው ነው።

ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ኮቴያቸው ሲሰማ ከውስጥ አንዲት ሴት በደከመ ድምፅ «መጣሽ?» አለች። ፈታሿ ለራሷ መስሏት «አቤት» ልትል አፏን ስትከፍት ገመዱ ከእጇ አመለጠ።

በሽተኛዋ የሚታዘዝላት አንድ እጇ ብቻ ነው። በዚያው እጇ ውሻውን ከጆሮው ጀምራ እስከ ወገቡ ቀስ ብላ ዳበሰችው። «ከስተሻል። ማን ነው ያጎሳቆለሽ?» አለችው እያለቀሰች። ከዚያ ቀና ስትል በሩ ላይ የቆሙትን ሁለት ሴቶች አየችና ፊቷ ጠቆረ።

«ማነሽ አንቺ? ምን ፈልገሽ ነው ያመጣሽልኝ?»

«ከውሾቹ ማቆያ ነኝ። ባለቤትዎን ያባረርኳቸው እኔ ነኝ።»

«ካባረርሽው ዛሬ ምን አመጣሽ? ቦርሳሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ልታስፈርሚኝ ከሆነ እጄ አይጽፍም።»

«ምንም የለም።»

«እንግዲያው ክፈቺው።»

በሕይወቷ እንዲህ ብሏት የሚያውቅ ሰው የለም። ልትቆጣ ከጀላት፤ ውሻው ያችን አንድ እጅ ሲልስ አየችና ቁጣው ጠፋባት። አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። ከቦርሳዋ አንድ በአንድ እያወጣች ብርድ ልብሱ ላይ ደረደረች፦ ጥቁሩን ደብተር፣ የትል መድኃኒት፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ፣ ልትሰፋው የያዘችውን አንድ ካልሲ። የሚያሳፍር ነገር አልነበረበትም፤ እሷ ግን እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። እነዚያ ሴቶች በፋብሪካው በር ላይ መሬት መሬት ያዩ የነበረው ሁሉም ክር ሰርቀው እንዳልነበረ አሁን ገባት። ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ግማሽ ዳቦ ነበር የያዙት። ልጇም ያኔ ከደብተሯና ከእርሳሷ በቀር ይዛ የተገኘችው ነገር አልነበረም።

በሽተኛዋ የተደረደረውን ሁሉ እያገላበጠች አየች። ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

«ዳቦሽን አንሺ፤ ትበላብሻለች» አለች በመጨረሻ።

ፈታሿ ልታነሳ እጇን ዘረጋች። ይህን ጊዜ ልጇ መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች። ዳቦውን፣ ካልሲውን፣ ማበጠሪያውን ሰብስባ መልሳ ከተተች። የቦርሳውን ዚፕ ዘጋችና በእናቷ ትከሻ ላይ አንጠለጠለችላት። ከዚያ አልጋው አጠገብ ያለውን ወንበር ወደ እሷ ሳበችው።

«ምንም የለም፣ እማ» አለች። «እለፊ።»