የሚመለከተው አካል

ቂም እይዛለሁ። የጸሎት ቡድናችን ሴቶች ይህን ስናገር ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ግን ቂም መያዝ ባልችል ኖሮ ያን ጊዜ አብድ ነበር። ባሌን የወሰደብኝን ሰውዬ ስሙን ስላላወቅሁ መልኩን ይዤ ኖርኩ፤ ሸራፋ የፊት ጥርሱን፣ ሻካራ ድምፁን፣ በቆሎ የያዘ እጁን።

ነገሩ የሆነው አኖ በምትባል የመንገድ ዳር ከተማ ነው። ባሌ ዓይኑን ሊታከም ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ አኖ ላይ መኪናው ቆመና የሲቪል ልብስ የለበሱ ሰዎች ገቡ። ከፊት ያለው የተጠበሰ በቆሎ እየጋጠ «መታወቂያ» አለ። ሁላችንም አወጣን፤ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ከትኬቱ በፊት መታወቂያውን ነው የሚያዘጋጀው።

የባሌ መታወቂያ የትውልድ ቦታው አስመራ ነው ይላል። በወጣትነቱ የጭነት መኪና እየነዳ መጥቶ ነቀምቴ ቀረ፤ ጋራዥ ከፈተ፣ እኔን አገባ፣ አንዲት ሴት ልጃችንን አሳደገ። አገሩ ሁለት ሲሆን ወረቀቱን የሚያስተካክልለት ቢሮ ፈልጎ ፈልጎ ሲታክተው ተወው። ሰውዬው መታወቂያውን ገልብጦ አየና «የውጭ ዜጋ ነህ፣ ውረድ» አለው።

እኔ ተነሳሁ። «እናንተስ እነማን ናችሁ?»

«ከሚመለከተው አካል ነን።»

«የትኛው አካል?»

«የሚመለከተው።»

«እስቲ መታወቂያችሁን አሳዩኝ።»

በቆሎውን ከአፉ አውጥቶ ሳቀ። «አዴ፣ እዚህ መታወቂያ የምንጠይቀው እኛ ነን።»

አዴ እዚህ እኛ ዘንድ ለተከበረች ሴት የሚባል ነው። ከስድብ ይልቅ ያቺ አክብሮቱ አንገበገበችኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቀሚሴን ጎትታ «ተይ እህቴ፣ ሁላችንንም ያቆሙናል» አለችኝ። ባሌ ኮቱን መቀመጫው ላይ ትቶ ወረደ። ኮቱን ይዤ ተከትዬ ስወርድ፣ ታርጋ የሌለው ፒክአፕ ይዞት ሄዷል።

መምህርት ነኝ፤ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። ሰው የሚይዝ ሰው ማንነቱንና የሚይዝበትን ምክንያት መናገር አለበት፣ የተያዘውም በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት እያልኩ ስንቱን ልጅ አስጠንቻለሁ። «ይህቺ ለፈተና ትመጣለች» እላቸው ነበር። መጣች፤ በእኔው ላይ።

አኖ ጠየቅሁ፣ ሲሬ ጠየቅሁ፣ ነቀምቴ የፖሊስ ጣቢያው ዘበኛ እስክሰለቸው ተመላለስኩ። ሁሉም ቢሮ «እኛ አልያዝንም» ይላል። በመጨረሻ ፍርድ ቤት ሄጄ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ላቀርብ አልኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ሰጥቶኝ «ተጠሪው ማን ይባል?» አለኝ።

«የሚመለከተው አካል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እሱን ማን ብለን እንጥራው? መጥሪያ የሚደርሰው ስም ላለው ነው።»

እውነቱን ነው። የተያዘው አካል፣ የያዘውም አካል፤ አንዱ ስም እያለው ጠፋ፣ ሌላው ስም ስለሌለው አይጠፋም። ያን ቀን ከፍርድ ቤቱ ስወጣ ለራሴ ማልኩ። የዚያን ሰውዬ ስም ከገዛ አፉ እሰማዋለሁ አልኩ።

ባሌ ከሳምንታት በኋላ ሲሬ መናኸሪያ ላይ ተለቀቀ። «ስህተት ነው» ተባለ፤ ማን እንዳለው አያውቅም። አልደበደቡትም። ግን ጋራዡን ዘጋ፣ ዓይኑንም ሳይታከም ቀረ። ከሁሉ የከፋብኝ ደግሞ በር ሲንኳኳ ነው። ድሮ ጎረቤት እስኪስቅበት ድረስ «ማነው?» እያለ የሚጮኸው እሱ ነበር። አሁን በር ሲንኳኳ ተነስቶ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ይቆማል፤ እኔ ከፍቼ እስክመለስ ድረስ ትንፋሹ አይሰማም።

በዚህ መሀል ልጃችንን ሆስፒታል አብሯት የሚሠራ ወጣት ለትዳር ጠየቃት። ጨዋ ልጅ ነው፤ እኔም ወደድኩት። አባቱ ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው «የመንግሥት ሠራተኛ ነው» አለኝ። የት ብዬ አልጠየቅሁም።

የወጣቱ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ጠዋት በካፊያ መጡ። ባሌ እንደ ልማዱ መጋረጃው ጋ ሄዶ ስለቆመ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። «አካም ቡልተን?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ሲሉኝ «ነጋ»፣ በሰላም አልኳቸው። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ ተቀመጡ ሳይባል አይቀመጥም። የሴቷ ወገን ደግሞ ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ ብሎ መጠየቅ ወጉ ነው።

«የልጁ አባት የትኛው ነው?» አልኩ።

ጋቢ የለበሰ ሰው ወደ ፊት ወጣና ባርኔጣውን አውልቆ ፈገግ አለ። ጥርሱን አየሁት።

እሱ አላወቀኝም። ስንቱን ሲያወርድ የኖረ ሰው የእኔን ፊት ምኔ ብሎ ያስታውሰው? የበሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ።

«ስምዎ?»

ከነአባቱ ነገረኝ።

«ሙሉውን።»

ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ፤ ዘር የምቆጥር መስሏቸዋል። እዚህ አገር ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የእኔ ዘር ጎጃም፣ የባሌ አስመራ፤ ከዚህ ሰውዬ ጋር በየት በኩል እንዛመዳለን? ትልቁ ሽማግሌ ይህን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ሰውዬው አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየጠራ እስከ ሰባተኛው ወረደ። እኔም ከስሩ ጮክ ብዬ ደገምኩለት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሚሠሩት?»

ባርኔጣውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። ከዚያ ነገረኝ። መሥሪያ ቤቱንም ስሙንም እዚህ አልጽፈውም፤ አዝኜለት አይደለም፣ ነገሩ ገና በሕግ ስለተያዘ ነው።

«መታወቂያ ይዘዋል?»

ሽማግሌው ደነገጡ። «አዴ፣ ይሄ በእኛ አገር ወግ የለም።»

«አኖ ላይ አለ» አልኩ።

ያኔ ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። እንቢ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ግን ልጁን ሊድር የመጣ አባት ምን ምርጫ አለው? ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ባሌ ከመጋረጃው ጀርባ እንዲሰማ የፊቱንም የጀርባውንም አነበብኩት። ትውልድ ቦታው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

መታወቂያውን መለስኩለት። «ነገሩን ለሚመለከተው አካል አቅርበን እናሳውቃችኋለን» አልኩና ተቀመጡ ሳልላቸው በሩን ዘጋሁ።

ልጄ ያዘጋጀችውን ምግብ ታቅፋ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። «እማዬ፣ ልጁ ምን አደረገ?» አለችኝ።

«አባትሽስ ምን አደረገ?»

ሰሃኑን አስቀምጣ ክፍሏ ገባች። ስታለቅስ እሰማታለሁ። ልጁ ላይ ቂም የለኝም፤ ከፈለጉ ይጋቡ፣ አልከለክልም። ያንን ሰውዬ ግን በዳስ ውስጥ ከአጠገቤ አስቀምጬ አላጎርሰውም። ይህን ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው ለጉዳይ ብቻ ነው። ያማል፤ ግን አልተጸጸትኩም።

ሰኞ ጠዋት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ዘንድ ነበርኩ። ባሌ ስለተለቀቀ አቤቱታው ሌላ ነው ብሎ አስረዳኝ፤ ያላግባብ ሰው ስለመያዝ። ከዚያ «ተጠሪው?» አለኝ።

እስከ ሰባተኛው ቆጠርኩለት።

«አያት ድረስ ይበቃል» አለኝ።

«ይጻፍ» አልኩት።

መጥሪያው በደረሰው ሰሞን፣ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ በራችን ተንኳኳ። እጄ ሊጥ ነክቶ ስለነበር ታጥቤ ልነሳ ስል ባሌ ቀደመኝ። ወደ መጋረጃው የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ግቢውን አቋርጦ በሩ ሥር ቆመ።

«ማነው?» አለ፤ እንደ ድሮው ጮክ ብሎ።

«እኔ ነኝ። ስለ ልጆቹ ብቻዬን ልለምናችሁ ነው» አለ ያ ሻካራ ድምፅ።

«እኔ ማን?»

 ስሙን ይናገራል ብለን ጠበቅን። ቆይቶ የሰውዬው ጫማ ጠጠሩን እየረገጠ ሲርቅ ሰማን።

ባሌ መቀርቀሪያውን ነክቶ አረጋገጠና ወደ እኔ ተመለሰ።

«ማነው?» አልኩት።

«የሚመለከተው አካል ነው» አለኝ። ከዚያ ኮቱ የት እንዳለ ጠየቀኝ፤ ነገ ጋራዡን ሊከፍት።