የአዝራሩ ጣሳ

ልብስ ሰፊዋ የኤችአይቪ መድኃኒቷን በአዝራር ጣሳ ውስጥ የምትደብቀው፣ ቢንኮሻኮሽም ማንም አይጠረጥርም ብላ ነው። ባሏ ያውቃል፤ አማቷ አያውቁም። ሊያርሷት የመጡት አማት ግን ቤት ሲያስተካክሉ ጣሳውን ለጎረቤቷ ሰፊ አውሰውታል።

የመዋጫዋ ሰዓት ደረሰ። ብድግ ቁጭ አበዛች።

«ምነው ልጄ፣ እሳት ላይ የተቀመጥሽ መሰልሽ? ልጁን አጥቢው እንጂ!»

«ጣሳዬን አስመልሱልኝ፣ እማማ።»

«ለአዝራር ነው እንዲህ የምትንቆራጠጪው? ነገ ትመልሳለች፤ አትበላው!»

ሕፃኑ ጡቷን ይስባል። ነርሷ «ሳታቋርጪ ከዋጥሽ ልጁን ይጠብቀዋል» ብላታለች።

«አዝራር አይደለም፤ መድኃኒቴ ነው። ኤችአይቪ አለብኝ። ልጁን ከቫይረሱ የሚጠብቀው እሱ ነው።»

 አማቷ «እጄን ይቁረጠው!» ብለው፣ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አቀያይረው ተጫምተው ወደ ጎረቤት ሮጡ።