ሊኑክስ ትሬንታ

በመዝገብ ስሜ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ነው። ለቀረው የቦንጋ ሰው ሊኑክስ ነኝ። ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እትዬ ሊኑክስ» ይሉኛል። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌዎች እንኳ «ሊኑክስ፣ እንዴት አደርሽ?» ይሉኛል፣ እኔም ያለ ምንም ቅሬታ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ስሙን ያወጣልኝ ከጅማ መጥቶ ከኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቄ ፊት ለፊት ሌላ የጽሕፈት ቤት የከፈተው ልጅ ነው። እሱም አገሩም ዊንዶውስ ሲጠቀሙ እኔ ኮምፒውተሮቼን ሁሉ ሊኑክስ በሚባለው ነጻ ሥርዓት ስለማሠራ፣ ለመቀለድ ብሎ ያወጣው ነው።

አባቴም ስሙ ቅጽል ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቡና ጭኖ ወደ ጅማ ሲመላለስ የኖረው ትሬንታ ኳትሮ በምትባለው አፍንጫዋ ረጅም የድሮ የጣልያን መኪና ስለነበር፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ጋሽ ትሬንታ እንደተባለ ቀረ። እንግዲህ እዚህ አገር ስም ከአባት ጋር ነው የሚጻፈው። የማዶው ልጅ ይህን ያወቀ ቀን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት፣ መንገድ አቋርጦ መጥቶ «ሙሉ ስምሽ ሊኑክስ ትሬንታ ነዋ!» አለኝ። ከተማው ለአንድ ሳምንት በዚህ ሲስቅ ሰነበተ፣ አባቴ ግን አልሳቀም።

ከሊኑክስ ጋር የተዋወቅነው ኮሌጅ እያለሁ ነው። የአጎቴ ልጅ የሰለቸው ላፕቶፕ ደርሶኝ ነበር፤ አስነስቼው እስኪከፈት ልብስ አጥቤ አሰጣለሁ። ያየው ሁሉ «ጣይው» ሲለኝ፣ አንድ መምህሬ ከጓሮ የተቀጠፈ ጎመን እንደሚሰጥ ሰው ዝም ብሎ አንድ ፍላሽ ሰጠኝና «ይህን ሞክሪ» አለኝ። ጫንኩት። ያ የተጣለ ዕቃ ተነስቶ እንደ ጎረምሳ ሮጠ። ዛሬም ሱቄ ውስጥ ሥራ ላይ ነው፤ ባትሪው ቢሞትም ልቡ አልሞተም።

የወደድኩት ግን በፍጥነቱ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር ለኮምፒውተር የተገኘው መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት፣ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን። ተንቀራፈፈ? ፎርማት ይደረግ። ቫይረስ ገባበት? ፎርማት ይደረግ። ድምፅ አልወጣ አለ? እሱም ፎርማት። ራሱን ያመመውን ሰው ሁሉ አንገቱን ቁረጡት እንደማለት ነው። ሊኑክስን ግን «ምን ሆንክ?» ብዬ ስጠይቀው ሆዱን ከፍቶ ያሳየኛል፤ የታመመውን አይቼ የታመመውን ብቻ እነካለሁ። ዊንዶውስን አላማም፤ ምናልባት ጥፋቱ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እያዞርን የምንጭነው የተሰረቀ የክራክ ኮፒ ነው። እሺ፣ እውነቱን ልናገር፣ አንዳንዴ አማዋለሁ።

ሱቁ የአባቴ ቤት የፊት ክፍል ነው፣ ወደ ፍርድ ቤት በሚወርደው መንገድ ላይ። አባቴ በየቀኑ ከቁርስ በኋላ መጥቶ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ወጪ ወራጁን ይቆጥራል። የሚቆጥረው ደግሞ የሚያስደስት አልነበረም። ሰው ማዶ ያስጻፈውን በፍላሽ ይዞ ሊያሳትም ይመጣል፣ እኔ ጋ ሲከፈት መስመሩ ይንሸራተታል፣ እዚያ ሦስት ገጽ የነበረው እኔ ጋ አራት ይሆናል። አስተካክለዋለሁ፣ ግን ማን ይጠብቃል? «ሊኑክስ ጋ ወረቀት ይወልዳል» ተባለልኝ። ደንበኛው አንድ በአንድ መንገዱን ተሻገረ። እኔ ቁጭ ብዬ የማተሚያውን አቧራ እጠርጋለሁ፣ አባቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት፣ የሆዱን አወጣው። የማዶው ልጅ ክፍሉ ጠብቦት ስለነበር የእኛን የፊት ክፍል አከራዩኝ ብሎ በትህትና ጠይቆታል። አባቴ እስከ መስቀል ጊዜ ስጠኝ ብሎታል። እኔ እስከዚያ ሰው የሚፈልገውን ዊንዶውስ ጭኜ እንደ ሰው ከሠራሁ ክፍሉ የኔ ነው፤ እንቢ ካልኩ ግን ያከራየዋል፣ እኔም ከፈለግሁ ለልጁ ተቀጥሬ እዚያው መጻፍ እችላለሁ።

«ልጄ፣» አለኝ፣ «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። ይቺ ሊኑክስሽ ምን አብልታሽ ነው እንዲህ የምትጮኺላት?»

ደሜ ፈላ። በገዛ ክፍሌ ተቀጣሪ ልሆን! አባቴን ስሜቱ የት ላይ እንደሚነካ አውቃለሁና እዚያው ላይ ነካሁት።

«አንተስ ትሬንታን ለምን አልለወጥክም?»

ይህ በቤታችን የማይነሳ ነገር ነው። የመኪናው ባለቤት አዳዲስ የጃፓን መኪናዎች ባመጣ ጊዜ መጀመሪያ ለአባቴ ነበር የሰጠው። ጓደኞቹ ሁሉ ቁልፍ ተቀብለው ሲሄዱ እሱ እንቢ አለ። ጭነቱ እየቀነሰ፣ ጉዞው እየሳሳ፣ ትሬንታ እስከነአካቴው እስክትቆም ድረስ ከሷ ጋር ቆየ። በመጨረሻም ብረቷ ተቆራርጦ ሲሸጥ የጋቢናዋን በር ለምኖ ወሰደ። እናቴ የዶሮ ቤት መዝጊያ አደረገችው፣ «ዕድሜህን የበላችው ቢያንስ ዶሮዎቼን ትጠብቅ» ብላ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው አፌን የከፈትኩት። አባቴ ጃንጥላውን አንስቶ ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

በማግስቱ መጣ፣ ግን አግዳሚው ላይ አልተቀመጠም። የደንበኛ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ትሬንታን ያልለወጣት ስለምትከፈት ነው አለኝ። አንድ ጊዜ ከሺሺንዳ ቡና ጭኖ ሲመጣ ዳገት ላይ ናፍጣዋ መፍሰስ ጀመረ። ቀዳዳውን በሳሙና ደፍኖ፣ የላላውን በሽቦ አስሮ፣ ያለማንም እርዳታ ጅማ ገባ። አዲሶቹ መኪናዎች ጥሩ ነበሩ፣ አልካደም፤ ፈጣኖች ናቸው፣ ወንበራቸውም ምቹ ነው። ነገር ግን የቆሙ ቀን ሾፌሩም አብሮ ቆሞ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ይጠብቃል። «ሆዷን የማላውቃትን መኪና ይዤ ጫካ መሀል አላድርም» ብሎ ነው እንቢ ያለው። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ግትር ሲሉት ግትር ነኝ ብሎ ዝም ነው ያለው።

ከዚያ በአገጩ ወደ ስክሪኑ አመለከተ። «ያንቺስ ትከፈታለች?»

«ትከፈታለች።»

«እስቲ ክፈቻት።»

እውነት ለመናገር ጭንቅ ያዘኝ። ለሾፌር ምን ይከፈትለታል? የፕሮግራም መስመር ባሳየው ያዛጋል፣ ካዛጋ ደግሞ ክፍሌ ሄደ ማለት ነው። ሳስብ ቆይቼ ኮምፒውተሩን ወደ አማርኛ ቀየርኩለት። በጎ ፈቃደኞች የተረጎሙት አማርኛ አለው፤ ግማሹ ያምራል፣ ግማሹ ያስቃል። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ከላይ ጀምሮ ቃል በቃል ማንበብ ያዘ፣ የመንገድ ምልክት እንደሚያነብ ሰው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። «ዝጋ» ትላለች።

ማንን ነው ዝጋ የሚለው ብሎ ጠየቀኝ። ሥራ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ የሚጠፋበት ነው አልኩት። ፊቱ ተቀያየረ። ዝጋ ለበር ነው፣ ለባለጌ አፍ ነው፤ ሲያገለግልሽ የዋለን ዝጋ ትዪዋለሽ ወይ ብሎ የምር ተቆጣኝ፣ ቃሏን እኔ እንደጻፍኳት ሁሉ። «እሺ፣ አጥፋ ልበለው?» ስለው ራሱን ነቀነቀ። አጥፋ ካልሽውማ ሰው ሥራዬን ሊያጠፋብኝ ነው ብሎ ይደነግጣል አለ። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ግን እውነቱን ነው፣ ደንበኞቼ በዚያች ቃል ስንት ጊዜ ደንግጠዋል።

በጣቶቹ ጠረጴዛውን ሲያንኳኳ ቆየ። «እኛ ዳገት ወጥተን ስንቆም ለረዳቱ ‘ሞተሩን አሳርፈው’ ነበር የምንለው፣» አለ። «አሳርፍ በይው።»

የስክሪኑ ቃላት የተጻፉበትን ፋይል ፈለግሁ፣ ከፈትኩ፣ «ዝጋ»ን አግኝቼ «አሳርፍ» ብዬ ተካሁ፣ ማሽኑ እንዲያነበው አዘጋጅቼ ቦታው መለስኩና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳሁት። ሲነሳ አባቴ ክንዱን አጣምሮ ይመለከታል፣ ልጁ እንዳታታልለው እንደሚጠብቅ ሰው። ስክሪኑ በራ። ያቺ ቃል የነበረችበት ቦታ ላይ «አሳርፍ» ተጽፏል፣ በግልጽ ፊደል፣ እዚያው ተወልዳ ያደገች ይመስል።

መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ማንን አስፈቀድሽ?»

«ማንንም። ትከፈታለች አልኩህ እኮ።»

ያ መሪ የጨበጠ ወፍራም ጣቱን አንስቶ ቃሏን ቀስ ብሎ ነካት። ቀለሙ እንዳልደረቀ ሁሉ ጣቱን ዞር አድርጎ አየው። ከዚያ «እህም» ብሎ ተነስቶ ወጣ። ስለ ክፍሉ አንዲት ቃል አልተናገረም። እኔም የሱ ልጅ ነኝና አልጠየቅሁም።

መስከረም ገባ። ሌላ ነገር አልጫንኩም፣ አልጭንምም። ለእናቴ ከወጣሁም በኩራቴ እወጣለሁ ብያታለሁ፤ እሷም ኩራትሽን ከየት እንዳመጣሽው መች ጠፋኝ ብላ ወደ ጓሮዋ ሄደች። ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ አሳርፍን ስጫን ደስ ይለኛል፣ ቀጥሎ ደግሞ ስንት ማታ እንደቀረኝ እቆጥራለሁ። አባቴ አግዳሚው ላይ እንደ ቀድሞው መቀመጡን ቀጠለ፣ አንዳንዴ ብቻ አንገቱን አስግጎ ቃሏ መኖሯን ያያል። የመስቀል ደመራ ተቃጠለ፣ አመዱም በዝናብ ተጠራረገ።

ልጁ መልስ ሊሰማ በቀጠረው ጠዋት ጠረጴዛዬን ወልውዬ፣ ገመዶቼን አስተካክዬ ጠበቅሁ። ያስተካከልኩት ልሂድ ብዬ ይሁን ልቆይ ብዬ እኔም አላውቅም። አባቴ ከማለዳ ጀምሮ ቤት የለም። ጓሮ እናቴ ትጮኻለች፤ የዶሮ ቤቱን መዝጊያ ማን እንደወሰደባት ጠፍቷት፣ ዶሮዎቹ ደግሞ ቃሪያ ተክሏ ውስጥ ገብተውባት ነበር። ልጁ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። አንገቱን ደፍቶ «እህቴ፣ ጋሽ ትሬንታ አሉ?» አለኝ። የለም አልኩት። ተቀመጥ አላልኩትም፣ እሱም በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሱም ማፈሩ ይታይ ነበር።

ወዲያው አንዲት ባጃጅ እየተንገዳገደች ቁልቁል መጣችና በራችን ላይ ቆመች። አባቴ ከኋላ ተቀምጦ በጆንያ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር አቅፏል፤ ግማሹ ወደ ውጭ ተርፏል። ልጁ ሮጦ ተቀበለውና ሁለቱ ተጋግዘው ከግድግዳው ጋር አስደገፉት። አባቴ ጆንያውን ገፈፈ።

የትሬንታ በር ነው። ቀይ ቀለሙ ነትቧል፣ መክፈቻው እንዳለ አለ፣ ዶሮ የጫረውም ይታያል። በላዩ ላይ ግን ነጭ ቀለም፣ የሠዓሊ እጅ፣ ሽታው ገና ያልለቀቀው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ድምፁን አውጥቶ አነበበው። «ሊኑክስ ትሬንታ፣ የጽሕፈትና የኮምፒውተር አገልግሎት።»

ራሱ ያወጣው ቀልድ መሆኑን ሲያውቅ ፊቱ ቀላ። ቀና ብሎ አባቴን አየው።

«ክፍሉ ሰው አለበት፣ ልጄ፣» አለው አባቴ። «ስሟም ይኸውልህ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ማተሚያውን ያለ ወረቀት አስነሳሁት። ልጁ ሳቀ፣ ከዚያ ማዶ ሄዶ መሰላሉን አመጣ። አባቴ አናቱ ላይ ወጥቶ የትሬንታን በር ከሱቁ በላይ ሲቸነክር ከሥር መሰላሉን አጥብቆ የያዘው እሱ ነው። እዚያው አካባቢ ሌላ ክፍል አግኝቷል፣ ዛሬም ጎረቤታሞች ነን፤ ኮምፒውተር ሲቆምበት እሱም አልፎ አልፎ ወደ እኔ ይልካል፣ ሰው ሳያይ በጨለማ መላኩን ቢመርጥም።

ዛሬም ገጽ ይንሸራተትብኛል፣ ዛሬም ወረቀት ይወልዳል ይሉኛል። ይበሉ። ከደካ ከተማ የመጣ አንድ መምህር ሊኑክስ አስጭኖኝ ሄዷል፤ የሱም ኮምፒውተር ማታ ማታ «አሳርፍ» ይላል፣ የማን ቃል እንደሆነች ነግሬዋለሁ። እናቴ አዲስ የዶሮ ቤት በር እስኪሠራላት አባቴን እህል አላቀምስም ብላ ዝታ ነበር፣ ሠራላት።

ሲመሽ እሱ አግዳሚው ላይ ነው፣ በገዛ በሩ ሥር። ወንበሬን ስስብ ይሰማና ፊቱን ሳያዞር ይጠይቀኛል።

«አሳረፍሻት?»

«አሳረፍኳት፣ አባዬ።»

ከዚያ ተያይዘን እንገባለን።