ገነቴ ራሷን ያመማት ሳምንት

ታዴዎስ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በመኪና አደጋ መሞቱን የሰማሁት እሁድ ከሰዓት ነው። እናቱ ገነቴ ግን ሰኞም አልተነገራትም፣ ማክሰኞም አልተነገራትም። ለምን ብትሉኝ፣ ራሷን ስላመማት። ምክንያቱ ይኸው ነው። ያን ሳምንት ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እኔ ትርፊት እባላለሁ። ሆሳዕና ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ገነቴ ደግሞ የአጥር ጎረቤቴ ናት። እሷ ሀዲያ፣ እኔ ጉራጌ። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ። እኔ ስጾም እሷ እያየችኝ ቅቤ ታነጥራለች፣ እሷ በማለዳ መዝሙር ስትጀምር እኔ አጥሩን እደበድባለሁ። እንዲህ እየተነታረክን ልጆቻችንን አብረን አሳደግን። ቁጡ ነሽ ይሉኛል። አዎ ነኝ፤ እሷ ግን አንድም ቀን ፈርታኝ አታውቅም ብዬ አስብ ነበር።

የተወለደችው ሆመቾ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ግማሽ ራሷን ለይቶ ያማታል። መጀመሪያ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባታል፣ ቀጥሎ ያስመልሳታል፣ ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብታ ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ትተኛለች። ሲብስባት አማርኛው ሁሉ ይጠፋባትና በሀዲይኛ ብቻ ነው የምታቃስተው። ሐኪም ቤት ማይግሬን ነው ብለው ክኒን ሰጥተዋታል። ክኒኑን ትወስዳለች፣ ቅጠሉንም አትተውም። ዳማከሴ አሽታ ጭማቂውን በአፍንጫዋ ትስባለች፣ ዝንጅብል ታፈላለች፣ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥራ ታሸታለች። ለራሷ ራስ ምታት ስትል የሰበሰበችው ሁሉ ቆይቶ እንጀራዋ ሆነ። ባሏ የሞተ ጊዜ ገበያ ወጥታ ማዳበሪያ ዘረጋች፣ ዳማከሴውን፣ ጤና አዳሙን፣ ጦስኙን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ደረደረች፣ በቃ ነጋዴ ሆነች።

ግን ምን ዓይነት ነጋዴ መሰለቻችሁ፤ ገዢ የምታባርር። ራሴን የሚል ሰው ሲመጣ ቁጭ አድርጋ ትጠይቀዋለች። "እንዲህ አሞኝ አያውቅም" ካላት ወይም ዓይኔ ጨለመ፣ አፌ ተሳሰረ ካለ ቅጠሉን ከእጁ ትቀማውና "ባጃጅ ያዝና ሆስፒታል ሂድ" ትለዋለች። ደብሮኛል፣ ሰው አስጠላኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ የሚላትን ደግሞ አትሸኘውም። "ጦስኝ ብቻውን ምንም አያደርግልህም፣ ተቀመጥ" ብላ ጆንያ ላይ ታስቀምጠውና ነጭ ሽንኩርት ታስፈለፍለዋለች። አንድ አስተማሪ ክረምቱን ሙሉ ሲፈለፍልላት ከርሟል። "ይሄ ደንበኛሽ ነው ወይስ ሠራተኛሽ?" ብዬ ሳሾፍባት፣ "ዝም በይ አንቺ፣ ዛሬ ስቋል" አለችኝ።

ያላት ልጅ ታዴዎስ ብቻ ነው። እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ እሱም ደቡብ አፍሪካ ሄደ፣ እዚያ ሱቅ ይሠራ ነበር። እሁድ እሁድ እናቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በኢሞ ይደውላል። እሁድ ስልኩ ከደረቷ አይወጣም።

ያን እሁድ ስልኩ አልጮኸም። እኛ ጋ ግን የታዴዎስ አባት ወንድም አጵሎስ ከዱራሜ ደወለ። የደወለው ለእድራችን ዳኛ ለጋሽ ማቴዎስ ነው፤ ጋሽ ማቴዎስ ደግሞ እኔን ጠሩኝ። ሱቄን ዘግቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና በአጥሩ በኩል "ገነቴ፣ ምሳ በላሽ?" አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፣ ሰው ተሰብስቦ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ጋቢያችንን ተከናንበን ግቢዋ ገባን። ሽማግሌዎቹ መስኮቷ ሥር ቆሙ፣ እኔ እንድቀሰቅሳት ቀድሜ ገባሁ። ገነቴ ባልዲ ላይ ተደፍታ ታስመልሳለች። ግንባሯን አስራዋለች። ቀና ብላ ልታየኝ እንኳን አልቻለችም፣ በእጇ ብቻ ሂጂ አለችኝ። ወጥቼ ነገርኳቸው።

"እንዲህ ሆና አይነገራትም" አሉ ጋሽ ማቴዎስ። "እኔ አክስቴ ታማ ተኝታ የልጇን ሞት አረዷት። ከዚያ አልጋ አልተነሳችም። ራሷ ይተዋት፣ ሲተዋት እንነግራታለን።"

"የዚች ሴትዮ ራስ መቼ ትቷት ያውቃል?" አልኩ። "ከሌላ ሰው አፍ ብትሰማስ? ልጆቹ ፎቶውን በሻማ አስጊጠው ፌስቡክ ላይ እየለጠፉት እኮ ነው።"

"ድምፅሽን ቀንሺ ትርፊት። እስኪተዋት አንቺ ጠብቂያት።"

እኔ ጠባቂ ሆንኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ስልኳን መውሰድ ነበር። "ብርሃኑ ለራስሽ ጠላት ነው፣ እኔ ልያዝልሽ" አልኳት። ከትራሷ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። እንዴት አድርጌ አሞኘኋት ብዬ ተደሰትኩ። ያቺ ስልኳን ለአፍታ የማትለቅ ሴት እንዴት ዝም ብላ ሰጠችኝ ብዬ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ሰው መጉረፍ ጀመረ። እውነቱን መናገር ያልቻለ ሁሉ ቅጠል ይዞ መጣ። የጎረቤታችን የሀቢባ ጥቁር አዝሙድ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ መጣ። ከእኛ ማዶ ያለችው ራሄል ጦስኝ በፔርሙስ አፍልታ አመጣች። አንዷ ፌጦ በሎሚ፣ አንዷ ትኩስ ወተት፣ አንዷ ከሆመቾ ድረስ የተላከ ዳማከሴ በእቅፍ ሙሉ። ኧረ በእግዚአብሔር፣ ቅጠል ሻጭ ቤት ቅጠል! ስንት ዓመት ራሷን ሲያማት አንድ ሰው "እንዴት ነሽ" ብሎ በሯን አንኳኩቶ አያውቅም፤ አሁን በር ላይ ጫማ ሞላ። ገነቴ ሁሉንም "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ ትቀበላለች፣ ዓይኗን ጨፍና ትተኛለች።

ማክሰኞ ከሰዓት ራሄል ጦስኙን እየቀዳችላት እያለ እንባዋ መጣ። ስኒው ሞልቶ ፈሰሰ። አሁን አለቀ፣ አሁን ትጠይቃለች አልኩ። "ልጇን አተኩሶታል፣ ሌሊቱን አልተኛችም" ብዬ ብድግ አድርጌ አወጣኋት፣ በር ላይ ክንዷን ቆንጥጬ "ሁለተኛ እንዳትመጪ" አልኳት። ተመልሼ ስገባ ገነቴ ጣሪያውን እያየች ነበር። ራሄል ምን ሆነች ብላ አልጠየቀችኝም። የተናገረችው "የፈሰሰውን ጥረጊው፣ ጉንዳን ይመጣል" የሚል ብቻ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ ዘግቷል። ሱቄ የሚመጣ ሰው ሳሙና እየገዛ "ተነገራት?" ይለኛል በሹክሹክታ። አልተነገራትም እላለሁ። "ታዲያ ራሷ እንዴት ነው?" "እንደዚያው ነው።" ሌላው ይመጣል፣ ያንኑ ይጠይቃል። አንዱን በሚዛን ልፈነክተው ምንም አልቀረኝም። ማታ ማታ አጠገቧ ስቀመጥ ውሸት መናገር እንኳን አቃተኝ፤ እግሯን አሻለሁ። ፊቷ እያነሰ ነው። ምግብ ስሰጣት ሁለት ጉርሻ ትቀምስና ትተወዋለች። ይቺ ሴት ሳይነገራት እጃችን ላይ ልትሞት ነው የሚል ፍርሃት ያዘኝ።

ረቡዕ አጵሎስ ከዱራሜ መጣ። መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩትና ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ሱቄ ጓዳ ደብቄ አስገባሁት። ጋሽ ማቴዎስም መጡ።

"ሬሳው ቅዳሜ ይገባል" አለ አጵሎስ። "ከቦሌ ቀጥታ ወደዚህ ነው የሚመጣው። መኪናው ደጇ ላይ ሲቆም ነው የምታውቀው ወይስ ምን ይሻላል?"

"አሁኑኑ ግቡና ንገሯት" አልኩ። "እኔ በቃኝ። ካላችሁ ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ካልሆነ እኔው ብቻዬን እነግራታለሁ።"

"ነገ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን። አንቺ ቀድመሽ ትገቢያለሽ፣ ትንሽ እንኳን ከተሻላት እንነግራታለን። ካልተሻላት አርብ ጎህ ሲቀድ፣ ተሻላትም አልተሻላትም። ከዚያ በላይ ቀን የለንም" አሉ ጋሽ ማቴዎስ። እኔ በልቤ ተሻላት እላለሁ፣ ባይሻላትም ተሻላት እላለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሌሎቹ ግቢው ውስጥ ቀሩ፣ እኔ ቀድሜ ገባሁ። ከመርዶው በኋላ ቤቱ በሰው ስለሚሞላ አልጋውን ላስተካክልላት ብዬ ንጹህ አንሶላ ይዤ ነበር። "እስቲ ወደዚህ ጠጋ በይ" አልኳትና በግድግዳው በኩል ፍራሹን ብድግ ሳደርግ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። የደረቀ ዳማከሴ፣ የሻገተ ጤና አዳም፣ የሀቢባ ጥቁር አዝሙድ ከነቋጠሮው። ከሐኪም ቤት ያመጣሁላት ክኒንም እዚያው ወረቀቱ ውስጥ እንዳለ አለ። ሰው ያመጣላት ሁሉ እዚያ ተወትፏል።

ቋጠሮውን አንስቼ በሹክሹክታ ተቆጣኋት። "ገነቴ፣ ይሄ ምንድን ነው? አገር ሁሉ ስላንቺ እንቅልፍ አጥቶ አንቺ መድኃኒት ፍራሽ ሥር ትወትፊያለሽ? መዳን አትፈልጊም?"

"አልፈልግም" አለች።

ቁጭ ብላለች። ሻሹን ከግንባሯ ፈትታ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። ዓይኗ የታመመ ሰው ዓይን አይደለም፤ ጥርት ያለ ነው።

"ራሴ የተወኝ ሰኞ ማታ ነው" አለችኝ።

"ታዲያ ለምን ትተኛለሽ?"

"ማቴዎስ መስኮቴ ሥር ቆሞ ምን አለ? ራሷ ሲተዋት እንነግራታለን አለ። ራሴ ነው እንጂ ጆሮዬን አላመመኝ። ጋቢ ለብሳችሁ በጨለማ የመጣችሁት ለራስ ምታቴ ነው? አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ትርፊት። ስለ ማን ልትነግሩኝ ትመጣላችሁ?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "ገነቴ፣ ታዴ…" ስል እጇን አፌ ላይ ጫነችው። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፣ አራት ቀን ተኝታ እንኳን አልለቀቃትም።

"እንዳትናገሪ። እነሱን አይደለም የፈራሁት፣ የአንቺን አፍ ነው። በገባሽ ቁጥር አሁን ተናግራ ገደለችኝ እያልኩ ዓይኔን እጨፍናለሁ።" እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። "እስክትነግሩኝ ድረስ እናት ነኝ። ከነገራችሁኝ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ ልጄ ሞቷል። ዕድሜዬን ሙሉ፣ ትርፊት። እንደምትነግሩኝ አውቃለሁ፣ አይቀርም። ግን ለምን ትቸኩላላችሁ?"

አራት ቀን ሙሉ እውነቱን ንገሯት እያልኩ ሰው ስጣላ የነበርኩት እኔ ነኝ። ለእሷ የሚበጃት ይሄ ነው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ለካ እውነቱ ከሰኞ ጀምሮ እሷ ጋ ነበር፤ እኛ ልንወስድባት የመጣነው የቀሯትን ጥቂት ቀኖች ነው። ተያይዘን አለቀስን፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጨምሬ፣ ውጭ ያሉት እንዳይሰሙ።

የበሩ ቆርቆሮ በቀስታ ተንኳኳ። ጋሽ ማቴዎስ ናቸው። ገነቴ ቶሎ ብላ ተኛችና ሻሹን ግንባሯ ላይ አሰረች፤ ቋጠሮውን እኔ ጨረስኩላት።

ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎቹ፣ አጵሎስ፣ ሀቢባና የእድሩ ሴቶች ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለልቅሶ ተዘጋጅተዋል። ሁሉም እኔን ያያል።

"ተሻላት?" አለ አጵሎስ።

"አልተሻላትም።"

"ትንሽ እንኳን?"

"አልተሻላትም አልኩህ። ቀና ማለት አልቻለችም።"

ጋሽ ማቴዎስ ፊቴን አዩት፣ የረጠበውን ነጠላዬን አዩት። የገባቸው መሰለኝ። "እንግዲህ ነገ ነው" አሉ። "ነገ ግን ምንም ቢሆን።"

"ነገ ምንም ቢሆን" አልኩ እኔም።

አንድ በአንድ በበሩ ወጡ። የመጨረሻው ሰው ኮቴ እስኪጠፋ ጠብቄ ተመለስኩ።

"ሄዱ" አልኳት።

"ነገ ይመጣሉ?"

"ነገ ይመጣሉ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "በይ በሩን ዝጊው" አለችኝ፣ "ራሴን አሞኛል።"

ዘጋሁት።