መጁን ያልለቀቀች እጅ

ልጅ ሳለሁ ሰው ቁም ነገርን ሁሉ ከተረት የሚማር ይመስለኝ ነበር፤ ይህን ያሳመነኝም የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ሙሳ ነው። ያኔ የምንኖርበት መንደር ከአሶሳ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። አጎቴ ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ እርሻ ስለማይወጣ ቀኑን ሙሉ አፉን አሳርፎ ይውልና ሲመሽ ይጀምራል። ግቢው መሐል እሳት እናነድና የመንደሩ ልጆች ዙሪያውን እንቀመጣለን፤ የቀርከሃው ማገዶ አንጓው እየፈነዳ አንዳችንን ባስደነገጠ ቁጥር ሌሎቻችን እንስቃለን፣ ጭሱ ያስለቅሰናል፣ እሱ ግን ጭስ እንደማይነካው ሰው ፍሙን እያየ ይተርካል። እኔን «የኔ ባለ አንድ ዓይን ዳኛ» ይለኝ ነበር። ገና ሳልጠነክር ፈንጣጣ ፊቴን ቦርቡሮ ግራ ዓይኔን ወስዶታል። ሌላው ሰው አይቶ ፊቱን ሲያዞር እሱ ይቀልድብኝ ስለነበር እወደው ነበር።

ከተረቶቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው የጥንቸሏን ነው። ጅብ ይይዛትና ሊበላት ሲል አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ ሲመልስላት ሌላ ትጨምርለታለች፤ ጅቡ ደግሞ አላውቅም ማለት ያፍራልና ሲመልስ ሲመልስ ይነጋል፣ አዳኞች ይደርሳሉ፣ ጅብም ይሸሻል። አጎቴ እዚህ ሲደርስ ምላሱን አውጥቶ በጣቱ እየነካ፣ «አያችሁ፣ አፍ እየተናገረ ሳለ ጥርስ ይጠብቃል» ይለናል። እኛም እናምነው ነበር፤ ለምን አናምነው።

እናቴ ተረት አታውቅም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ጭራሽ መናገር ትታለች ይላሉ፤ እኔ ግን ከዚያ በፊትም ብዙ ስትናገር ያየሁበትን ጊዜ አላስታውስም። እኛ እሳቱ ዘንድ ስንሰበሰብ እሷ የእሳቱ ብርሃን በማይደርስበት፣ ከቤቱ ክፈፍ ሥር ማሽላ ትፈጫለች። አጎቴ ሊያበሽቃት ሲፈልግ «አንቺ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ተናገሪ እንጂ» ይላታል። «ዝም አይነቅዝም» ትለዋለች፤ ያም የዕለቱ ንግግሯ ነው። እኔን ስታስተምር ቃሏ «እይ» ብቻ ነበር። ወንዝ ወርደን ወርቅ ስታጥብ ገበቴውን እንዴት እንደምታዘነብለው ስጠይቃት ጥቂት ፈቀቅ ብላ ቦታ ትለቅልኛለች። ማሽላ ስፈጭ ብሳሳት መጁን ከእጄ ወስዳ ጥቂት ትፈጭና ትመልስልኛለች።

የሹሙ ሰዎች ሲመጡም ያየሁት እንዲሁ ነው። ያኔ ግብር የሚከፈለው በወርቅ ዱቄት ነበር፤ ዱቄቱ በትልቅ አሞራ ላባ ባዶ ዘንግ ውስጥ ይጠራቀምና ሰዎቹ በበቅሎ እየዞሩ ይረከባሉ። ዘንጉ ያልሞላለት ቤት ልጅ ይወሰድበታል፤ ከተወሰዱት ተመልሶ የመጣ አላየሁም። ኮቴ ሲሰማ እናቴ ታናሽ ወንድሜን አደምን ጎተራ ውስጥ ታስገባና መክደኛውን ገጥማ ወደ ወፍጮዋ ትመለሳለች። እኔን አትደብቀኝም፤ ፈንጣጣ የበላው ፊት ገዢ የለውም። ስለዚህ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያት ነበር። አትነሳም፣ ወደ ጎተራው አትዞርም፣ መጁም አይፈጥንም አይዘገይም። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ልታስተምረኝ አስባ ያደረገችው አይመስለኝም።

አንድ ዓመት ዝናቡ ዘገየና ወንዛችን ወርቅ ነሳን። ዘንጋችን ገና አጋማሹ ላይ ነበር። እናቴ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ራቅ ወዳለ ወንዝ ጎህ ሲቀድ ሄደች፤ ስትወጣ አንድም ነገር አላለችኝም። ረፋዱ ላይ ኮቴ ሰማሁ። አደም ጥርሱን መንቀል የጀመረ ልጅ ስለነበር ይከብዳል፤ እንደምንም አንስቼ ጎተራው ውስጥ ጨመርኩትና መክደኛውን ገጥሜ ወፍጮው ዘንድ ተንበረከክሁ።

ሦስት ነበሩ። አለቃቸው ከበቅሎው ሳይወርድ ዘንጉን ከአጎቴ ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሳና «ጎዶሎ ነው» አለ።

«ያ ሲዲ፣ ጌታዬ፣ ወላሂ ዝናቡ ነው» አለ አጎቴ። «ወንዙ ዘንድሮ ምንም አልሰጠንም። እኛም ሦስት ነፍስ ብቻ ነን፤ እኔ ሽባ፣ ይቺ ባለ አንድ ዓይን፣ እናቷ ባሏ የሞተባት። ወንድ ልጅ እዚህ ቤት የለም፣ ኖሮም አያውቅ።»

ስለ ወንድ ልጅ የጠየቀው አልነበረም። አለቃው ሳቅ አለና ከበቅሎው ወረደ።

አጎቴን በሆዱ አስተኙት። በዚያ ፀሐይ ጎተራ ላይ እየወጡ እህል መገልበጥ የፈለጉ አይመስለኝም፤ ይልቅ አለቃው ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለና ሰዎቹ ያገኙትን ዕቃ ሁሉ በዱላ እንዲመቱ አዘዘ። እነሱ ይመታሉ፣ እሱ የቱ ላይ እንደምደነግጥ ዓይኔን ያያል። በሩን መቱ፤ ፈጨሁ። አልጋውን መቱ፤ ፈጨሁ። ጎተራውን ሲመቱ ከውስጡ ምንም ድምፅ አልወጣም፣ እኔም ፈጨሁ። «ልጁ የት ነው?» አለኝ። ዱቄቱ ያረፈበትን ሰፌድ በእግሩ ገለበጠው። አገጬን ይዞ ቀና ሲያደርገኝ በቀረችኝ ዓይን አየሁት፤ እጄ ግን ከመጁ አልተነሳም። ፈርቼ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ምንም አልተሰማኝም፣ ክንዴም የኔ አይመስለኝም ነበር። የጥንቸሏ ጥያቄዎች ትዝ አላሉኝም። «ይቺስ ደንቆሮ ናት» ብሎ ለቀቀኝ። ፍየሎቻችንን ነድተው ሄዱ።

ኮቴው ከራቀ በኋላ አደም መጮህ ጀመረ። «ዘይነብ፣ አውጪኝ» ይላል፤ ሰማሁት። አጎቴ እየዳኸ ወደ ጎተራው ሄደ፣ ቆሞ መክደኛው ጋ መድረስ ግን አቃተው። «ሄደዋል እኮ፣ ልጄ፣ አውጪው እንጂ» አለኝ፤ እሱንም ሰማሁት። ማሽላው አልቆ ድንጋይ ከድንጋይ ይፋጭ ነበር። አደም ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸና ዝም አለ። እናቴ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሰች። መጀመሪያ እሱን አወጣችው፤ ከዚያ መጥታ እጇን እጄ ላይ ስታሳርፍ ያኔ እጄ ቆመ። ጎበዝ አላለችኝም፣ ምን ነካሽም አላለችኝም። የተበተነውን ዱቄት ከአፈሩ ለይተን ለቀምን።

ያን ማታ እናቴ ለአጎቴ እንደ ወትሮው ገንፎውን አስቀድማ አቀረበችለት፤ የወቀሰውም አልነበረም። ልጆቹ ሲመጡም የጥንቸሏን ተረት ተረከላቸው፤ ምላሱን በጣቱ የሚነካበት ቦታ ሲደርስ ግን «ከዚያ ነጋ» ብሎ አለፈው።

እናቴ በስተርጅናዋ አልጋዋ ላይ ሞተች። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ለለቀስተኛው ማሽላ እፈጭ ነበር፤ እንዴት ያለች ጨካኝ ናት መባሌንም ሰምቻለሁ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር። ሰው ማልቀስንም የሚማረው አይቶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ እኔ ያየሁት ሌላ ነው።

አደም የልጆች አባት ሆኗል። ሰዎቹን አያስታውስም፣ በቅሎዎቹንም ፍየሎቹንም አያስታውስም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከጨለማውና ከማሽላው አቧራ በቀር ትዝ የሚለው የወፍጮው ድምፅ እንደሆነ ነገረኝ። «ቅርብ ነበርሽ» አለኝ፤ ሊወቅሰኝ ብሎ አልነበረም። ዛሬ መንደር ውስጥ ልጅ ሲያለቅስ ከሰማ፣ የራሱም ይሁን የጎረቤት፣ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ሰው ይስቅበታል፤ «አደም ጡት ብቻ ነው የጎደለው» ይሉታል። ይህን በተረት የነገረው የለም።

ባለፈው ትንሿ ልጁ ወድቃ አለቀሰች። እሱ ከእርሻው ማዶ ዶማውን ጥሎ እያለከለከ መጣና አንስቶ ትከሻው ላይ አደረጋት፤ ጉልበቷን እፍ እያለ ወሰዳት። ልጅቷ የወደቀችው እኔ ከምፈጭበት፣ ከእግሬ ሥር ነበር።