የሁለት ሰው ዕቁብ

ወንድሜ ጋዜጠኛ እንዲሆን አራት ዓመት ሙሉ ከደሞዜ እኩሌታውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ሰዎች «ታድለሽ፣ የተማረ ወንድም አለሽ» ይሉኛል። እኔም ሻዬን እጠጣለሁ።

የተመካከርነው ነቀምት፣ አባታችን ቤት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። እናታችን በልጅነታችን ሞታለች። ወንድሜና እኔ አሥራ ሁለተኛን አብረን ጨርሰን፣ እኔ ሐኪም ልሁን ስል እሱ ባሕር ማዶ የጋዜጠኝነት ትምህርት አግኝቶ ነበር፤ ግማሹን ወጪ ኮሌጁ ይችላል፣ ግማሹ በቤተሰብ ጫንቃ ነው። አባታችን ቡና ነጋዴ ቢሆንም በዚያ ዓመት የቡና ዋጋ ወድቆ እጁ አጥሮታል። ስለዚህ አንዳችን ልንማር፣ አንዳችን ሠርተን ቤቱን ልንይዝ ሆነ።

«ሐኪምነት ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለ ወንድሜ። «እኔ በአራት ዓመት ጨርሼ እመጣለሁ። ጋዜጠኛ የሚሄደው ከሚኒስትር ጋር ነው። ደሞዙ ሌላ፣ አበሉ ሌላ! ያን ጊዜ ቤቱን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ትገቢያለሽ።»

ለአፍ ዳገት የለውም። በከተማችን ጋዜጠኛ አይተን ስለማናውቅ ደሞዙን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሚቀረው የሚቀጠርበትን የአስተማሪን ደሞዝ ግን ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ ሁሉ ያውቀዋል። እናም የማናውቀው በለጠብን።

አባቴ በገበያው የነጋዴዎች ዕቁብ ዳኛ ነበር። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ አንዲት ሳንቲም አያስነካም፤ የገዛ ወንድሙን እንኳ «ዋስ አምጣ» ብሎ ባዶ እጁን ሰድዶታል። ያን ቀን ሁለታችንንም ሲሰማ ቆየና «ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። «ይህ የሁለት ሰው ዕቁብ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ የሱ፣ ሁለተኛው ያንቺ ነው፣ ኢንተለ ኮ።» ልጄ ማለቱ ነው።

«ዋሱስ ማን ነው?» አልኩት እየሳቅሁ።

እሱ ግን አልሳቀም። «ዋሱ እኔ ነኝ» አለ፣ ደረቱን መታ አድርጎ።

በቅሎውን ሸጦ የወንድሜን የጉዞ ወጪ ቻለ። እኔም አርጆ አስተማሪ ሆኜ ገባሁ። ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ የክረምቱን ጭቃ በአንድ ጫማ እየገፋሁ፣ ደሞዜን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለወንድሜ፣ ከቀረው ደግሞ ለአባቴ እልክ ነበር። ቀሚስ ባማረኝ ቁጥር ተራዬን አስባለሁ። ያኔ ተራ ማሰብ ያጠግበኝ ነበር።

ወንድሜ ተመረቀ፤ አዲስ አበባ አንድ ጋዜጣ ቤት ተቀጠረ። እኔም የዩኒቨርሲቲውን መግቢያ ፈተና እንደገና ተፈትኜ አለፍኩ። በመስከረም ካልገባሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ወንድሜ በክረምት ከረባቱን አስሮ ሊጠይቀን ሲመጣ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ ነገርኩት።

«እውነቱን ልንገርሽ» አለኝ። «ደሞዜ ካንቺ ብዙም አይርቅም። በላዩ የቤት ኪራይ አለ፣ ልብስ አለ፣ ግብዣ አለ። ሲደመር ሲቀነስ አንቺ ትሻያለሽ።»

«አበሉስ?»

«አበሉ ለአለቆች ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ኋላ ደግሞ እንባዬ። ግን እሱም ተታሏል፤ በዚህ አልተቀየምኩትም። ለራሱ እየተቸገረ እንኳ ለአባታችን ትንሽ ቢልክ እኔም ተቸግሬ እማር ነበር፤ ይህንኑ ነገርኩት። «እስከ መስከረም አስብበታለሁ» ብሎ ሄደ።

ያሰበው በአውቶቡስ መጣ። በነሐሴ መጨረሻ ራሱ የጻፈበትን ጋዜጣ ላከልን። አባቴ ዓይኑ ደክሞ ነበርና ጎረቤቶቹን ጠርቶ አንብቢልን አለኝ። የፊቱ ገጽ እንደ ወትሮው የጃንሆይ ነው፤ እኔ ሦስተኛው ላይ ነኝ። ስሜ የለም። ግን አርጆ የምታስተምር የነቀምት ልጅ፣ ባሕር ማዶ የተማረ ወንድም ያላት፣ ሌላ ማን አለ? በአማርኛ እያነበብኩ ለአሮጊቶቹ በኦሮምኛ እመልስላቸው ጀመር።

«የሐኪምነት ምኞቷን ለወንድሟ በደስታ ሰጠች። በምላሹም አንዳች አልጠየቀችም።»

አንዲት ቃል ብቀይር ማን ያውቅብኝ ነበር? አልቀየርኩም፤ የተጻፈውን እንዳለ ማንበብ ነው ልጆቹን የማስተምረው። አሮጊቶቹ «ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ» እያሉ ባረኩኝ፤ እጄን ሳሙኝ። ከእንግዲህ ተራዬን ብጠይቅ የሰጠችውን የምትነጥቅ ልባል ነው። ወንድሜ ይህን ሳያውቅ አልጻፈውም። የትኛው ቃል የት እንደሚቀመጥ እንዲማር ነው እኮ የከፈልኩለት!

ጎረቤቶቹ እስኪወጡ ጠበቅሁ።

«አባ ኮ፣ መስከረም ደረሰ። ዋሴ ነህ» አልኩት አባቴን።

 በገበያው ስንቱን ዕቁብ በልቶ ሊጠፋ ያለውን አስጨንቆ ያስከፈለ ሰው፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ ወደ በሩ ተመለከተ።

«እስቲ መስጠት የሚለውን ቦታ ድገሚልኝ» አለ።

ደገምኩለት።

«አየሽ፣ ኢንተለ ኮ፤ ሰጠች ነው የሚለው። እኔ ዋስ የሆንኩት ለዕቁብ ነው። ስጦታ ዋስ የለውም።»

እውነቱ እንዲያ እንዳልሆነ ያውቃል። ደረቱን የመታው እሱ ነው። ነገር ግን ልጁ የጻፈውን አገር እያነበበው፣ ጋዜጣው ዋሸ ብሎ መነሳት አልሆነለትም። አንዱ ከዳኝ ብዬ ወደ ሌላው ብሄድ እሱም ከዳኝ። ከወንድሜ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የአባቴ ነው።

ጋዜጣውን አጣጥፌ ሰጠሁት። በዳሰሳ መጽሐፍ ቅዱሱን ከራስጌው አነሳና ውስጡ አስቀመጠው። በመስከረም ወደ አርጆ ተመለስኩ።